ለየትኛው እግር?

አያ የእናቴ ወንድም ናቸው። ሞጣ ውስጥ በረባሶ ሲሠሩ ነው የኖሩት። እኔ ቢቸና ተወልጄ ያደግሁ፣ መካኒካል ምህንድስና ተምሬ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጌ ያጣሁ ሰው ነኝ። ክረምቱ ሲወጣ ከቢቸና ተነስቼ በደብረ ወርቅና በግንደወይን አድርጌ ሞጣ የገባሁት ላማክራቸው ነው። ያረጀ ጎማ እየሰበሰበ መልሶ ጥቅም ላይ የሚያውል ድርጅት ለማቋቋም ቆርጬ ነበር። ዕቅዱን በደብተር ጽፌዋለሁ፤ 11 ገጽ ሆኗል። በረንዳቸው ላይ ሁለት ቀን ያወራነውን ማታ ማታ እየጻፍሁ ያዝሁት። እንደኔ ያለ ሐሳብ የያዘ ወጣት ቢያነበው ይጠቅመዋል ብዬ ስለማምን እንደነበረ አቀርበዋለሁ።

አያ፦ እስቲ ንገረኝ። ደብተሩን ተወውና በቃልህ ንገረኝ፤ በቃል የማይነገር ዕቅድ ገና አልበሰለም።

እኔ፦ ማሽን ነው አያ። ጎማው ትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ይገባል፤ አየር እንዳይገባው ተደርጎ ይዘጋል፤ ከሥር እስከ 400 እና 500 ዲግሪ ይሞቃል። አየር ስለሌለ ጎማው አይነድም፣ ይበተናል። ከመቶው 40 ያህሉ ዘይት ሆኖ ይወጣል። 30 ያህሉ ጥላሸት የመሰለ ከሰል ይሆናል፣ ከ10 እስከ 15 የሚሆነው ሽቦ ነው፣ የቀረው ጋዝ ነው። ዘይቱ ለፋብሪካ ምድጃ ይሸጣል፤ ሽቦው ለብረት አቅላጭ።

አያ፦ በአንድ ጊዜ ስንት ጎማ ይበላል?

እኔ፦ የተመለከትሁት 10 ቶን የሚጫንበት ነው።

አያ፦ ቶኑን ተወው፤ በጎማ ቁጠርልኝ።

እኔ፦ የከባድ መኪና ጎማ 50፣ 60 ኪሎ ይመዝናል። 55 ብንለው 180 ጎማ ያህል ይፈልጋል። የቤት መኪና ጎማ ከሆነ ደግሞ አንዱ 9 ወይም 10 ኪሎ ነው፤ ከ1,000 በላይ ሊገባ ነው።

አያ፦ በስንት ጊዜ አንዴ?

እኔ፦ በየቀኑ። እንዲያ ካልሠራ ዋጋውን አይመልስም።

አያ፦ ቢቸና ያሉትን ጎሚስታዎች ሁሉ ታውቃቸዋለህ?

እኔ፦ ሁሉም ጋ ሄጃለሁ። ደጃፋቸው ላይ የተከመረውንም አይቻለሁ። ባጃጁንም፣ አይሱዙውንም፣ የአውቶቡሱንም ብደምረው የአንድ ቀን ቀለብ አይሞላም።

አያ፦ የሞጣውን ጨምርበት። ከደጀን እስከ አዴት መንገድ ዳር ያለውን ሁሉ ጨምርበት። አንድ ሳምንት ትሠራ ይሆናል። በሁለተኛው ሳምንት ማሽንህ ምን ይበላል?

እኔ፦ ከባህር ዳርና ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይቻላል ብዬ ነበር።

አያ፦ ጎማ መሀሉ ክፍት ነው። መኪና ሙሉ ጫንሁ ስትል ከጭነትህ የሚበዛው አየር ነው። ለአየር የናፍታ ዋጋ ትከፍላለህ። ልጄ፣ ይህን የምልህ ሐሳብህን ልሰብር ብዬ አይደለም። ገንዘብ አውጥተህበታል?

እኔ፦ ለደላላ ቀብድ ከፍያለሁ። ማሽኑን ከውጭ አስመጣለሁ ያለኝ ሰው ነው። አሁን ስልኩ አይሠራም።

አያ፦ የእናትህ ገንዘብ ነው?

እኔ፦ የእናቴ ነው።

ዝም አሉ። ከዚያ ተነሥተው ከግድግዳው ሥር የቆመ የአይሱዙ ጎማ እያንከባለሉ አመጡ። ስለ ቀብዱ ሁለተኛ አላነሡብኝም፤ ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

አያ፦ አንተ የተማርህ ነህ፤ አንድ ነገር ጠይቄህ ልወቅ። ኮንጎ ጫማ ሲሰበር ቆራሌው ይወስደዋል፤ ይቀልጣል፣ እንደገና ጫማ ይሆናል። ጎማስ ለምን አይቀልጥም? እኔ እሳት ላይ ጥጄ አይቼዋለሁ፤ ይጤሳል፣ ይነዳል፣ ያርራል እንጂ አይቀልጥም።

እኔ፦ ድኝ ስለገባበት ነው። ከዛፉ የሚወጣው የጎማ ወተት ብቻውን ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲበርድ ይሰነጠቃል፤ ለመንገድ የሚሆን አልነበረም። በ1839 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቻርልስ ጉድይር የሚባል አሜሪካዊ ከድኝ ጋር ሲያሞቀው ጠንካራና ተለጣጭ ሆኖ አገኘው። ድኙ የጎማውን ክሮች እርስ በርስ ያስራቸዋል። ፕላስቲኩ ሊጥ እንደሆነ ይኖራል፣ ጎማው ግን ይጋገራል። የተጋገረ እንጀራ ደግሞ ተመልሶ ሊጥ አይሆንም።

አያ፦ እንጀራማ ሲያድር ፍርፍር ይሆናል።

እኔ፦ ጎማም እንደዚያው ነው አያ፤ የሚሆነው ፍርፍር ነው። በሌላ ሀገር እንደ አሸዋ ፈጭተው ለልጆች መጫወቻ ሜዳ ያነጥፉታል፣ አስፋልት ውስጥ ይጨምሩታል። ለዚያም ግን ትልቅ ወፍጮ፣ የማያቋርጥ መብራትና ሽቦውን ከጎማው የሚለይ ማግኔት ያስፈልጋል። ሌሎች ደግሞ ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ በከሰል ፋንታ ያነዱታል፤ የዚያ ምድጃ ሙቀት ከፍተኛ ስለሆነ ጭሱ ራሱ ይቃጠላል።

አያ፦ እኛ ሰፈር የሚነደው ግን ጭሱ አይቃጠልም።

ይህን ያሉት ኅዳር ሲታጠንን አስበው ነው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አውጥቶ ማቃጠል የተለመደው በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ ነው። ያኔ የሚጨሰው ገለባና ቅጠል ነበር። ዛሬ ልጆች ጎማ ያመጣሉ፤ ጎማ ቶሎ አይጠፋም፣ ነበልባሉም ያምራል። ከዚያ ጥቁር ጭስ ውስጥ ካንሰር የሚያመጣ ንጥረ ነገር አለ፣ ሳንባ የሚያቃጥል የድኝ ጋዝ አለ፣ አመዱ ላይ የሚቀር ዚንክ አለ። በሽታን ለማባረር የተጀመረ ልማድ በሽታ እየጠራ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ በየሰፈሩ ያሉ ሽማግሌዎችና ካህናት አንድ ቃል ቢናገሩ የሚቀር ነገር ነው።

አያ፦ ሰብስቤ ላስቀምጠው ብትልስ? ጎማ አይበሰብስም፤ ቆይቶ ገዥ ይመጣል ብትል?

እኔ፦ እሱም አደጋ አለው። ዌልስ የምትባል ሀገር ውስጥ ሄዮፕ በሚባል ቦታ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ጎማ ተከምሮ ነበር። በ1989 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እሳት ተነሣበት፤ ከሥር ከሥር እየጤሰ 15 ዓመት ያህል ቆየ። ውኃም ሌላ ጣጣ ነው። ዝናብ ጎማ ውስጥ ሲያቁር ትንኝ ይፈለፈልበታል። በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋ የገባውን የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ያዛመተችው ትንኝ እንዲህ ያለ ቦታ ትወዳለች። ቢቸናም ሞጣም ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላሉ ብርዱ ይከላከልልን ይሆናል፤ ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ ግን ሌላ ነው።

አያ፦ መንግሥትስ ምን ይላል?

እኔ፦ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ቁጥር 513/1999። ስለ ጠርሙስ፣ ስለ ፕላስቲክ ከረጢት ይናገር ነበር፤ ስላገለገለ ጎማም ራሱን የቻለ አንቀጽ ነበረው።

አያ፦ ጥሩ። እንግዲህ አይቀልጥም፣ አይነድም፣ አይከመርም። ይቆረጣል። ና፣ ያዝልኝ።

ያረጀው ቢላቸው ስለቱ እየሞረደ ከማለቁ የተነሣ የጣት ስፋት ብቻ ቀርቶታል። አጠገባቸው ውኃ የሞላ ጣሳ አለ። መጀመሪያ ቸርኬው ላይ የሚነክሰውን ጠርዝ ዙሪያውን ቆርጠው ጣሉት፤ እዚያ ውስጥ የተጠቀለለ ወፍራም ሽቦ ስላለ ከዚያ የሚገኝ ነገር የለም። ከዚያ ቢላውን ውኃ ውስጥ ነክረው ጎኑን ወጉት። ደረቅ ቢላ ጎማ ላይ ይነክሳል፣ አልሄድም ይላል፤ ሲረጥብ ግን እንደ ቅቤ ይገባል። እኔ ጠርዙን በጉጠት ይዤ ወደ ራሴ እስባለሁ፤ እሳቸው የተከፈተውን አፍ እየተከተሉ ያወርዱታል። አራት ጊዜ ነክረው፣ አራት ጊዜ ቆርጠው ጎኑ እንደ ቀበቶ ተለየ። ወገቤን አመመኝ። እሳቸው ትንፋሻቸው እንኳ አልተለወጠም።

አያ፦ አሁን አንተ የምትወደውን እናድርግ፤ እንቁጠር። ሲባጎውን ዙሪያውን አዙር።

እኔ፦ ሁለት ሜትር ተኩል ሆነ።

አያ፦ የወንድ ሶል አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ነው።

እኔ፦ 28 ሳንቲ ሜትር እንበለው። 2 ሜትር ተኩል ለዚያ ሲካፈል 9 ሊሞላ ትንሽ ይጎድለዋል። ስፋቱ ደግሞ ለአንድ ሶል ብቻ ነው የሚበቃው። ስለዚህ 8 ሶል፤ 4 ጥንድ ይወጣና አንድ አጠር ያለ ቁራጭ ይተርፋል።

አያ፦ የተረፈው የልጅ ይሆናል። ጎኑ ማሰሪያ ይወጣዋል። ከጥርሱ ዳርና ዳር የሚቆረጠው ቀጭኑ ለአልጋ ጠፍር ይሆናል። ከመነዳሪው ካለ ገበሬው እየለመነ ይወስደዋል፤ ምራን ከቆዳ መሥራት ተወደደ፣ ቀንበርና ሞፈር በከመነዳሪ ቁራጭ የሚያስር ብዙ ነው። አየህ? ከዚህ ጎማ የሚጣለው ያ ሽቦ ያለበት ጠርዝ ብቻ ነው። የአንተ ማሽን ዘይቱን ለማውጣት 500 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ግን ያለ እሳት ወጣ።

እኔ፦ የሲኖውን ጎማስ? እሱ ዙሪያው ሦስት ሜትር ተኩል ነው፤ ስፋቱም ሁለት ሶል ጎን ለጎን ይይዛል። 24 ሶል፣ 12 ጥንድ ማለት እኮ ነው።

አያ፦ የእኛን ሥራ የሚገድለው እሱ ነው። ይህ የያዝነው የክር ጎማ ነው። ክሩ በንብርብር ስለሆነ እንደ ሽንኩርት ይላጥልኛል፤ ወፍራም ስፈልግ ወፍራም፣ ቀጭን ስፈልግ ቀጭን አወጣለሁ። የሲኖው ሽቦ ጎማ ነው። ከጥርሱ ሥር የብረት መረብ አለው። ቢላዬን ይሰብራል፤ ብቆርጠውም ጫፉ ላይ የሚቀረው ሽቦ የሰው እግር ይወጋል። ከዓመት ዓመት የክር ጎማ እየጠፋ፣ የሽቦ ጎማ እየበዛ ነው። እኔ የምሞተው ከክር ጎማው ጋር ነው መሰለኝ።

እኔ፦ አያ፣ ማሽን የሚያስፈልገው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው! የሽቦውን ንብርብር ከላዩ ጎማ የሚለይ፣ የሚሰነጥቅ፣ አንድ ሞተርና አንድ ስለት ያለው። ያን ከባህር ማዶ ማስመጣት አያስፈልገኝም። ብየዳ ቤት ሄጄ ራሴ ልሠራው እችላለሁ።

አያ፦ አሁን ገና የተማርኸውን አየሁት።

ይህን ሲሉኝ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሁበት ቀን የበለጠ ደስ አለኝ። 11 ገጹን ዕቅድ የጻፍሁት ሰው የትኛው ጎማ በቢላ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው እንደማይቆረጥ አያውቅም ነበር።

እኔ፦ ከዚህ ሙያ ትልቅ ድርጅት ያወጣ ሰው እኮ አለ። አዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ሰፈር ያደገች ቤተልሔም ጥላሁን የምትባል ሴት አለች። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ከጥቂት ሠራተኞች ጋር ሶልሬብልስ የሚባል የጫማ ድርጅት አቋቋመች። ሶሉ ያረጀ የመኪና ጎማ ነው። ከላይ በእጅ የተፈተለ ጥጥ፣ በሸማኔ የተሠራ ጨርቅ፣ ቆዳ። በኢንተርኔት ለውጭ ሀገር ሸጠች፤ እስከ ታይዋን ድረስ ሱቅ ተከፈተ። በ2011 እንደ ፈረንጆቹ የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም ከወጣት የዓለም መሪዎች አንዷ አድርጎ መረጣት።

አያ፦ ሶሉ ይሄው የእኛ በረባሶ ሶል?

እኔ፦ ይሄው ነው።

አያ፦ እንግዲህ እሷ ብልህ ናት። ጎማ አልሸጠችም። ሰፈሯ ውስጥ ምን እጅ እንዳለ ነው ያየችው፤ ፈታይ አለ፣ ሸማኔ አለ፣ ሰፊ አለ። እነሱ ሥራ አጥተው ነበር፤ ጎማው አገናኛቸው። አንተ ግን የእሷን ጫማ አምጥተህ ቢቸና ገበያ ብትዘረጋ ማን ይገዛሃል?

እኔ፦ ማንም። ለከተማ ሰው እንጂ ለገበሬ የተሠራ አይደለም።

አያ፦ ስለዚህ ለማን እንደምትሠራ መጀመሪያ ወስን። ለየትኛው እግር? እኔ በዚህ በረንዳ ላይ ስቀመጥ የሰው ፊት አላይም፣ እግር ነው የማየው። አረንጓዴ ቁምጣ ለብሶ፣ ዱላውን ተሸክሞ፣ እግሩ ባዶ የሆነ ገበሬ ዛሬም ያልፋል። ድሮ ግን ከዚህ ይበዛ ነበር። ኮንጎ ጫማ ብዙውን አለበሰው፤ ይህን መካድ አልችልም። ግን በበጋ ፀሐይ ያቃጥላል፣ ያልበዋል፣ ይሰነጠቃል። ለእርሻ ሲወርድ አውልቆ ዳር ያስቀምጠዋል። አፈሩን የሚረግጠው በባዶው ነው።

እኔ፦ አደጋው ያለውም እዚያ አፈር ላይ ነው። ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት እኛ ሀገር በብዛት የሚመጣው ከአፈር ነው። ትንኝ የሚያመጣው ሌላ ዓይነት አለ፤ የደጋው ግን የአፈሩ ነው። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ ነው ይህን አጥንቶ ያሳወቀው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ደቃቁ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ ይገባል፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲጠራቀም እግሩ ያብጣል። የጮቄ ተራራ ራሱ ጥንት እሳተ ገሞራ ነበር፤ እኛ የምናርሰው የእሱን ልጅ ነው። በ2012 እንደ ፈረንጅ የወጣ ጥናት ደብረ ኤልያስና ደምበጫ ወረዳ ላይ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል 3.3 በመቶው ይህ በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል።

አያ፦ በሰው ንገረኝ።

እኔ፦ ከ30 ሰው አንዱ።

አያ፦ አንድ ማኅበር ጽዋ ሲጠጣ ከመካከላቸው አንዱ ማለት ነው።

እኔ፦ መከላከያው ደግሞ መርፌ አይደለም። እግርን በሳሙና መታጠብና ጫማ ማድረግ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ያደረገ ሰው አይያዝም። እርግማን ነው፣ የዘር ነው እየተባለ ስንት ልጅ ሳያገባ ቀረ!

አያ፦ ሰው ሲሸሸው ማየት እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ። እኔንም ሸሽተውኛል።

እኔ፦ አንቱን?

አያ፦ ጎማ ፋቂ ይሉኝ ነበር። አባቴ ገበሬ ነበር፤ እኔ ቢላ ይዤ ገበያ ስቀመጥ ዘመድ አፈረብኝ። እናትህ ብቻ ናት በግልጽ ቤቴ የምትመጣ። ልጄን ሙያውን ላስተምረው ስል እናቱ አለቀሰች፤ ተውሁት። እነሆ አርጅቻለሁ፤ ይህን ቢላ የማወርሰው ሰው የለኝም።

ይህ የጎጃም ብቻ ጉዳይ አይደለም። ፋቂ፣ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እያልን እጅ ያለውን ሰው ሁሉ ከማዕድ ስናርቅ የኖርን ሕዝብ ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል። የአጎቴ ልጅ ግን ዛሬም ጎማ መቁረጥ አይችልም፤ እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ የአጎቴን ሙያ ለጓደኞቼ ተናግሬ አላውቅም። በዕቅዴ ገጽ ላይ ከውጭ የሚመጣ ማሽን ስም ሦስት ጊዜ ጽፌ የእሳቸውን ሙያ አንድ ጊዜ እንኳ አለመጥቀሴን ሳስበው አፍራለሁ።

እኔ፦ አያ፣ ቢላውን ለእኔ ያውርሱኝ።

አያ፦ አንተ ኢንጂነር ነህ።

እኔ፦ ኢንጂነርም የእጅ ሠራተኛ ነው። አምስት ሆነን እንደራጅ። ከቢቸና ሁለት ልጆች አሉ፤ አንዱ የሸራ ሰፊ ነው፣ የጭነት መኪና ሸራ የሚጠግን። አንቱ ያሠለጥኑናል። ብድሩን ድሮ አብቁተ ይሉት ከነበረው፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ ከሆነው እንጠይቃለን፤ እርስ በርስ ዋስ ሆነን። ማሽን አንገዛበትም። የብየዳ ዋጋ፣ ማስቲሽ፣ ክር፣ የቤት ኪራይ ብቻ።

አያ፦ ጎማውስ?

እኔ፦ ጎሚስታዎቹ ደጃፋቸውን ስለሚዘጋባቸው ዛሬ በነፃ ይሰጡናል። ነገ እንደምንጠቀምበት ሲያዩ ዋጋ ያወጡለታል። ስለዚህ ከአሁኑ በጽሑፍ ልዋዋላቸው፤ ትንሽም ቢሆን እየከፈልሁ።

አያ፦ ይህ ከሁሉም የተሻለው ነው። በነፃ የተጀመረ ነገር ላይ ድርጅት አይቆምም።

በማግስቱ ጧት ቡና እየጠጣን ሳለ ከጓዳ አንድ ከረጢት አመጡ። ውስጡ በሰው እግር ልክ የተቆረጠ ካርቶን ሞልቷል፤ ፎርማ ከመግዛታቸው በፊት የደንበኞቻቸውን እግር ይለኩበት የነበረ። ከመካከሉ ሁለት ካርቶን ለይተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

አያ፦ ስለ ዝሆኔ ስትነግረኝ አላስቻለኝም። አንድ ሰው ነበር፤ ከጮቄ ሥር የመጣ ገበሬ። ገበያው ሲበተን ጠብቆ ነው የመጣው፣ ሰው እንዳያየው። እግሩን በጋቢ ሸፍኖታል። ሱቅ ውስጥ የሚገባለት ቁጥር የለም። ካርቶን መሬት ላይ አኑሬ ርገጥ አልሁት፤ አፈረ። በከሰል ዙሪያውን አሰመርሁለት። ይሄ ነው። ከአውቶቡስ ጎማ ሰፊ ሶል ቆርጬ፣ ማሰሪያውን ረዘም አድርጌ ሠራሁለት። የሰጠኝን ገንዘብ አልረሳውም፤ ከአቅሙ በላይ ነበር፣ ግማሹን መለስሁለት።

እኔ፦ ሁለተኛው ካርቶንስ?

አያ፦ የእሱው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሰ። ሶሉ አላለቀም፤ ማሰሪያው ነው የተበጠሰው። እንደገና አሰመርሁለት። እስቲ እየው።

አንዱን በአንዱ ላይ ደረቡት። የሁለተኛው ካርቶን ጠርዝ በመጀመሪያው ዙሪያ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ተርፎ ይታያል።

አያ፦ ሶሌ ችሎታል። አፈሩ ከላይ ነው የገባው። ክፍት ጫማ ነው የሰጠሁት፤ አላወቅሁም ነበር።

እኔ፦ አንቱ ጥፋት የለብዎትም አያ። ማንም አልነገረዎትም።

አያ፦ የጥፋት ነገር አይደለም። ያ ሸራ ሰፊ ልጅ መቼ ይመጣል?

እኔ፦ ብደውልለት ነገ።

አያ፦ ዙሪያውን የተሸፈነ መሆን አለበት፤ እስከ ቁርጭምጭሚት። አፉ በክር የሚጠበቅ፣ እብጠቱ ሲጨምር የሚላላ። ከመነዳሪ ብናደርገው ውኃ አያስገባም፣ ግን ያልበዋል፤ ላብ ደግሞ ቁስል ያበዛል። ሸራው ይሻላል። ስፌቱ ከውስጥ ይሁን ከውጭ?

እኔ፦ ከውስጥ ቢሆን ያምራል።

አያ፦ ከውስጥ ከሆነ ያበጠውን ቆዳ ይልጠዋል።

እኔ፦ እንግዲያው ከውጭ።

አያ፦ ከውጭ ከሆነ ክሩን ጭቃ ይበላዋል። በሰም እንሸው። ሰም ከገበያ አትግዛ፤ ጎረቤት ንብ አላቸው። ሂድና ጠይቅልኝ፤ እኔ እስከዚያ ቢላውን ልሞርድ።